የተገለበጠው ገደል

በጥድ አፋፍ ከተማ ጉም የሚነሣው በመስኮት ነበር። ውጭ ያለው ጉም እንዳለ ነው፤ ከክረምት መግቢያ እስከ ጥር ድረስ ንቅንቅ አይልም። ሰው ግን ጠዋት ተነሥቶ መጋረጃውን ሲገልጥ ነጭ ገደል ከነዛፎቹ፣ ከነጥቁር ድንጋዩ፣ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ቆሞ ይጠብቀዋል። መስኮቶቹ አጥሪ ይባላሉ። የመኪና መስታወትና የዓይን መነጽርም ሁሉ አጥሪ ነው። አጥሪ ጉምን ያነሣል፣ አቧራን ያጠፋል፣ ያልታየውን ደግሞ ከዚህ በፊት ካየው ወስዶ ይሞላል። እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ከገበያው ጀርባ ያለው የቆሻሻ ክምር በአጥሪ ሲታይ አረንጓዴ መስክ ነው። ሰዎች በመስኩ አጠገብ ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ለምን እንደሚይዙ ግን አይነጋገሩም። ሕፃናት ደረቅ መሬት መስሏቸው ኩሬ ውስጥ ይገባሉ፤ እናቶቻቸው ለዚህ ብለው ትርፍ ካልሲ በቦርሳቸው መያዝ ከጀመሩ ቆይተዋል። ከዚህ በቀር ኑሮ ደህና ነበር።

ትርሲት ይመኑ የጥድ አፋፍ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበረች፤ ዕድሜዋ ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት መስከረም የዓይን ሞራዋን አስገፈፈች። ሐኪሙ ዓይኗ እስኪያገግም ድረስ አጥሪ መነጽር እንዳታደርግ፣ በአጥሪ መስኮትም አተኩራ እንዳታይ አዘዛት። ከሆስፒታሉ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ባሏን ነበር። ጥላዬ ፒካፕ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ይጠብቃታል። ጺሙ ሸብቷል፤ ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል።

«መቼ ነው እንዲህ የከሳኸው?» አለችው።

«እኔ? ትናንትም ይኸው ነበርኩ።» አጥሪ መነጽሩን እያስተካከለ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ ኦፕሬሽን ያደረግሽ አትመስዪም። ፊትሽ ወዝ በወዝ ነው።»

እሷ ግን በመኪናው የጎን መስታወት ራሷን አይታ ነበር። መስታወቱ ተሰብሮ በተራ መስታወት የተተካ ነው። ዓይኖቿ አብጠው፣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

በኅዳር ወር ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤቱን እንዲያጸዳ ታዘዘ። ከተሰባበሩ ወንበሮችና ከድሮ ካርታዎች ሥር፣ የሰው ቁመት የሚያህል ወፍራም ቱቦ ተገኘ። ከብዙ ዓመታት በፊት ለተማሪዎች ተብሎ በስጦታ የመጣ ቴሌስኮፕ ነው። ትርሲት ከሚጣለው ጋር ልትደምረው ስትል የፊዚክስ አስተማሪው መምህር ኅሩይ ደረሱ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ሴሚስተር የቀራቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ቆይ፣ ቆይ። እስኪ አፉን ክፈቺው።»

ክዳኑን አነሣችው። ቱቦው ሥር፣ እንደ ሰሐን ጎድጎድ ያለ ትልቅ ክብ መስታወት ተቀምጧል። ጫፉ ላይ ከደረቀ ሻጋታ በቀር ደህና ነው።

«ሽቦው የት አለ? ባትሪውስ?» አለች ትርሲት።

«የለውም።»

«ታዲያ በምን ይሠራል?»

መምህር ኅሩይ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። «በብርሃን። የዓይንሽ ብሌን ጠባብ በር ናት፤ ከሩቅ ዕቃ የሚመጣው ብርሃን በዚያች በር የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው። ይኼ መስታወት ሰፊ በር ነው። ብዙ ብርሃን ተቀብሎ፣ ጎድጓዳ ስለሆነ ወደ አንድ ቦታ ይሰበስበዋል። እዚህ ላይ ያለችው ትንሿ መስታወት ደግሞ ወደ ጎን ታወጣዋለች። በዚህች ሌንስ አጉልተሽ ታዪዋለሽ። በቃ፤ ሌላ ነገር የለውም።»

«ካልታየውስ? የጎደለውን ማን ይሞላዋል?»

«ማንም አይሞላውም። ብርሃን ካልመጣ ጨለማ ነው የምታዪው።»

ሁለቱ ተጋግዘው ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ግቢ አቆሙት። ትምህርት ቤቱ ጉብታ ላይ ነው። ከፊቱ ሸለቆው ይወርዳል፤ ሸለቆው ውስጥ ታች ሰፈርና ገበያው አሉ፤ ከእነሱ ማዶ ነጭ ገደል ይነሣል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ አባርቶ ስለነበር ለወትሮው የማይነሣው ጉም ለጥቂት ጊዜ ተገፎ ነበር። መምህር ኅሩይ ቱቦውን ወደ ገደሉ አዞሩና ትርሲትን ጠሯት።

ጎንበስ ብላ ዓይኗን አስጠጋች። መጀመሪያ ያየችው የሚንቀጠቀጥ ነጭ ነገር ብቻ ነበር። መምህሩ የሌንሱን መያዣ ቀስ ብለው ሲያዞሩት ነጩ ነገር ተሰብስቦ ድንጋይ ሆነ።

«ኧረ ተገልብጧል! ሰማዩ ታች ነው ያለው።»

«አዎ፤ ይገለብጠዋል። ከላይ የመጣው ብርሃን ወደ ታች፣ ከታች የመጣው ወደ ላይ ስለሚሄድ ነው። ትለምጂዋለሽ።»

ለመደችው። በዚያ ሳምንት ጉሙ ገለጥ ባለ ቁጥር ሥራዋን ጥላ ትወጣ ነበር። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ራሳቸውን ዘቅዝቀው ሲቀማመሉ፣ አንዲት እናት ልጇን በሆዷ አንጠልጥላ ወደ ሰማይ ስትወርድ አየች። ሁሉም ነገር የደበዘዘና የሚርገበገብ ነው፤ ግን ሕይወት አለው። በአጥሪ የሚታየው ገደል ላይ ጭላዳ ታይቶ አያውቅም።

ስንጥቁን ያየችው ሐሙስ ዕለት ነው። አፋፉ ላይ ካለው የባሕር ዛፍ ተክል ኋላ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ጥቁር መስመር። የዛፍ ጥላ መሰላት። ፀሐይዋ ዞራ ጥላዎቹ ሁሉ ቦታ ሲለውጡ መስመሩ እዚያው ቀረ። ሐኪሙ የከለከላትን ረስታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገባችና በአጥሪው መስኮት አተኩራ አየች። ገደሉ ጥርት ብሏል። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። መስመር የለም።

ልቧ ፈራ። ቤተ መጻሕፍቱን ዘግታ ወደ ልጇ ሄደች።

ናርዶስ ጥላዬ የከተማው የአደጋ ክትትል ጣቢያ ኃላፊ ነበረች። ጣቢያው ሁለት ክፍል ነው፤ ግድግዳው በሙሉ የገደሉን ምስል ያሳያል። ከእሷ ጋር የሚሠራው ባለሙያ አቤሴሎም ይባላል፤ እናቱ እትዬ ዘርፌ ታች ሰፈር፣ ከገደሉ ሥር ይኖራሉ። ትርሲት ያየችውን ስትነግራቸው አቤሴሎም ወዲያው ግድግዳው ላይ የባሕር ዛፉን ቦታ አቀረበው።

«ይኸው እትዬ፤ ይመልከቱ። ምንም የለም። ይኼ ከሃያ ካሜራ የተሰበሰበ ነው።»

«ካሜራዎቹስ አጥሪ አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው። ባይሆኑ ኖሮ ጉም ብቻ ነበር የምናየው።»

«ልጄ፣ ስንጥቅ እኮ ነው ያየሁት። ከእናትህ ቤት በላይ።»

አቤሴሎም ፈገግ አለ፤ ሰው የማያስቀይም ፈገግታ ነው። «አዲስ ጥላ፣ አዲስ ጭረት ሲመጣ አጥሪው መርምሮ ነው የሚያወጣው። ቢኖር ኖሮ እኔ ነበርኩ መጀመሪያ የምሸሸው።»

ናርዶስ እናቷን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። በሩን ዘጋችው።

«እማዬ፣ ነሐሴን ረሳሽው?»

ትርሲት አልረሳችም። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ሲያድር፣ ናርዶስ በራሷ ውሳኔ ሳይረን አስጮኸች። የታች ሰፈር ሰው በድንጋጤ በአንዲቱ ድልድይ ላይ ተጋፋ። አንድ አዛውንት ወድቀው ተረገጡና ሞቱ። ገደሉ ግን አልተነቃነቀም። ከዚያ ወዲህ ሳይረኑ አጥሪው ካላመነበት እንዳይጮኽ ተደርጎ ታሰረ፤ ናርዶስም ከደረጃዋ ዝቅ ሳትል የቀረችው በልመና ነው።

«የሽማግሌው ልጅ እስካሁን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞራል» አለች ናርዶስ። «ተሳስቼ ሰው ገደልኩ። ደግሜ ልሳሳት?»

«እኔ ጩኺ አላልኩሽም። መጥተሽ እዪ ነው ያልኩሽ።»

«ያንቺ ዓይን ገና አልዳነም። አየሩ ራሱ ይርገበገባል። ቴሌስኮፑ ያረጀ ነው። ምን ብዬ ነው ለክልል የማመለክተው?»

ትርሲት ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰች። ለመምህር ኅሩይ ስትነግራቸው ግን እሳቸው አልተናደዱም።

«ልጅቷ ትክክል ናት» አሉ። «አንድ ጊዜ ማየት ማስረጃ አይሆንም። እስኪ ረጅም ፀጉር ስጪኝ።»

ከራሷ ላይ አንድ ዘለላ ነቅላ ሰጠቻቸው። መምህሩ የሌንሱን መያዣ ፈትተው ፀጉሯን መሃሉ ላይ ወጥረው በጥፍር ቀለም አጣበቁት። ከዚያ የቴሌስኮፑን እግሮች በሲሚንቶ ከመሬት ጋር አያያዙ። ሲደርቅ ትርሲት ብታይ፣ ፀጉሯ እንደ ወፍራም ጥቁር ገመድ ከላይ እስከ ታች ተዘርግቷል። ከገመዱ ግራ አፋፉ ላይ ያለ አንድ ጥድ፣ ከቀኙ ዝሆን የመሰለ ጥቁር ድንጋይ ይታያል። ጥዱ ከስንጥቁ ወዲህ ነው፤ ድንጋዩ ከስንጥቁ ወዲያ፣ ጽኑ መሬት ላይ።

«ቴሌስኮፑ ከተነቃነቀ ሁለቱም አብረው ይንቀሳቀሳሉ» አሉ መምህሩ። «ዓይንሽ ከተሳሳተም እንደዚሁ። አንዱ ቆሞ አንዱ ብቻ ከሄደ ግን...»

እጃቸውን ወደ ገደሉ ዘረጉ።

በማግስቱ ጥዱ ከገመዱ ራቅ ብሎ ነበር። በሚቀጥለው ቀን ጉም ሆነ፤ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ቆመው ነጭ ነገር ሲያዩ ዋሉ። ትርሲት ምሳዋን አልበላችም። ጉሙ ሲገለጥ ጥዱ ወደ ታች ሰፈር በኩል ዘምሟል፤ በእሱና በገመዱ መሃል የነበረው ክፍተትም እጥፍ ሆኗል። ጥቁሩ ድንጋይ ግን ንቅንቅ አላለም።

ናርዶስ በተከታዩ ሳምንት አርብ ማለዳ መጣች። መነጽሯን አወለቀች፣ ጎነበሰች፣ አየች። መምህር ኅሩይ ጥዱ መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ ነገሯት። እንደገና አየች። ቀና አለች።

«ድንጋዩ እንዳለ ነው?»

«እንዳለ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት መምህር?»

«ልጄ፣ እርግጠኛ ባልሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

እዚያው ቆማ ለክልሉ ቢሮ ደወለች። የመለሰላት ድምፅ ትሑት ነበር። የገደሉ ምስል በእጁ እንዳለ፣ ምንም ለውጥ እንዳልታየበት፣ የእሷን ዘገባ ለመቀበል ግን ምስል ማያያዝ እንዳለባት ነገራት። ናርዶስ በስልኳ ካሜራ በሌንሱ በኩል ፎቶ አነሣች። የስልኩ ካሜራም አጥሪ ነው። በፎቶው ላይ ገደሉ ጥርት ብሎ፣ ቀና ብሎ፣ ያለ ስንጥቅ ወጣ። ፀጉሩም አልነበረም።

ናርዶስ ስልኩን ለእናቷ አሳየቻት።

ማታ እራት ላይ ጥላዬ እንጀራውን እየቆረሰ ስለ መኪናው ጎማ ሲያወራ ድንገት አቆመ። መነጽሩን አወለቀ፤ ወደ ሚስቱ አየ፤ ቆይቶ ቆይቶ አየ።

«ትርሲት፣ አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። ገደሉን ፈርቼ ነው። ስነግርህ ሰንብቻለሁ እኮ።»

«ስትነግሪኝ ፈገግ ያልሽ ይመስለኝ ነበር። የምትቀልጂ...» መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። «የታች ሰፈርን ሰው መቼ ነው የምናወጣው?»

«መጥተህ አታየውም?»

«ያየሁት ይበቃኛል። ነገ ገበያ ነው፤ ሰው ሁሉ ታች ይሆናል። ከጠዋት እንጀምር።»

ቅዳሜ ጠዋት ናርዶስ ሳይረን የሌላት ኃላፊ ሆና በእግሯ ታች ሰፈር ወረደች። ቤት ለቤት እየዞረች «ወደ ትምህርት ቤቱ ውጡ» አለች። ያለፈውን ዓመት የሚያስታውሱ በር ዘጉባት። «ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስረግጪ ነው?» ያላትም ነበር። እሷም «ማንም አይሩጥ፤ ቀስ ብላችሁ ውጡ» እያለች ወደሚቀጥለው በር ትሄዳለች። ጥላዬ ሽማግሌዎችንና ሕፃናት የያዙትን በፒካፑ ያመላልሳል።

ገበያተኛው ግን ወደ ጉብታው የወጣው ወሬ ሰምቶ ነው። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ዓለምን የሚገለብጥ ቱቦ አለ ተባለ። ሰው ተሰለፈ። መነጽራቸውን እያወለቁ አንድ ባንድ አይተው ይስቃሉ።

«ኧረ ይኼ ነገር ተበላሽቷል፤ መሬቱ ከላይ ነው ያለው!»

«ይንቀጠቀጣል። በእኛ መስኮት እኮ ከዚህ በጣም ይጠራል።»

ትርሲት ስለ ጥዱና ስለ ድንጋዩ ለእያንዳንዱ ታስረዳለች። ድምጿ ሰለለ። ሰዎቹ አንገታቸውን ነቅንቀው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ገብተው በመስኮቱ አይተው፣ ይወርዳሉ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ገደል አይንቀጠቀጥም።

ከዚያ የጋሽ ውብሸት ተራ ደረሰ። የባሕር ዛፉ ባለቤት ናቸው፤ በወጣትነታቸው የተከሉት ራሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው አፋፉ ላይ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛፋቸውን ከቤታቸው በመስኮት እያዩ ነው የሚኖሩት። ጎንበስ አሉና «ዛፌ ተዘቅዝቋል!» ብለው ሰልፈኛውን አሳቁት። ከዚያ ዓይናቸውን ከሌንሱ ሳያነሡ ብዙ ቆዩ፤ ኋላ ያሉት «ተራ ልቀቁ እንጂ» ማለት ጀመሩ።

«ያ ዝሆኑ ድንጋይ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ ጋሼ።»

«በዛፎቼና በእሱ መሃል አህያ ነበር የማሳልፈው። ጭነቱ ከሁለት በኩል ይፋተግ ነበር።» ቀና አሉ። «አሁን ቤት ይሠራበታል።»

ለማንም ምንም ሳይሉ ወረዱ። ገበያ ውስጥ ተዘርግቶ የነበረውን የልጃቸውን ጨርቅ በገዛ እጃቸው መጠቅለል ጀመሩ። ሰው ሁሉ አያቸው። ከእሳቸው አጠገብ ያለችው ሽንኩርት ነጋዴ ዕቃዋን ሰበሰበች፤ ከዚያ ጎረቤቷ። ገበያው እንደ ጠራ ውኃ ቀስ ብሎ ወደ ጉብታው መፍሰስ ጀመረ። የሮጠ የለም።

ከምሳ ሰዓት በኋላ ታች ሰፈር ውስጥ የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ እትዬ ዘርፌ አንዷ ናቸው። ናርዶስ ሁለት ጊዜ በራቸውን አንኳኳች፤ ቢጫ የላስቲክ ጫማ አድርገው ወጡላት።

«ልጄ እኮ እዚያው ጣቢያ ነው የሚሠራው» አሏት። «አሁን ደውዬለት ነበር። ምንም የለም፣ አርፈሽ ተቀመጪ ነው ያለኝ። አንቺ ከእሱ ታውቂያለሽ?»

ናርዶስ ትምህርት ቤት ወጥታ ይህን ስትናገር አቤሴሎም እዚያው ነበር፤ ሰው ሲሰበሰብ አይቶ ከጣቢያው መጥቷል። ጥላዬ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ «እኔ አመጣቸዋለሁ፤ እኔን እሺ ይሉኛል» አለና ወረደ። ትርሲት ፒካፑን በዓይኗ ተከተለችው። በግቢው በር ወጣ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ ከቤቶቹ መሃል ጠፋ።

ድምፁ የመጣው ከእግራቸው ሥር ነው። ከዚያ ከማዶ፣ ረጅም የሆነ፣ የማያልቅ። ሴቶች ልጆቻቸውን አቀፉ። ከቤት ውጭ የነበሩት ቡናማ ደመና ከሸለቆው ሲነሣ ለአፍታ አዩ፤ ከዚያ አቧራው ግቢውን ዋጠው፤ ሰው ሁሉ እያሳለ ወደ ክፍሎቹ ሸሸ።

ክፍሎቹ ውስጥ መስኮቶቹ ነበሩ። በመስኮቶቹ ነጭ ገደል ቆሟል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ታች ሰፈር ከነቤቶቹ፣ ከነአጥሮቹ፣ ፀሐይ ወጥቶለት ይታያል።

ከዚያ አንዲት ሴት «ቤቴ አለ!» ብላ ጮኸች። «እዩት፣ ቤቴ አለ!» ሌሎችም ተጠጉ። እየተጋፉ በጣታቸው ጣሪያቸውን ያሳያሉ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። ጆሯቸው የሰማውን ዓይናቸው አላመነም። ስልክ አይሠራም፤ ምሰሶው ሸለቆው ውስጥ ነበር። ዕቃ ትተው የመጡ፣ ዘመድ የቀራቸው፣ ወደ በሩ ተነሡ።

ከሁሉ ፊት አቤሴሎም ነበር። «የእማዬ ቤት ምንም አልሆነም! አይቼዋለሁ!» እያለ መነጽሩን እንዳደረገ በአቧራው ውስጥ ወደ ግቢው በር ይሮጣል። ለእሱ አቧራ የለም። መንገዱ ንጹሕ ነው።

መምህር ኅሩይ የናርዶስን ክንድ ያዙ። «ከላይ የቀረው ገና አልወረደም። ይጨርሳቸዋል።»

ናርዶስ በኪሷ ያለውን፣ ያለ ስልክ መስመር የሚሠራውን የጣቢያውን መቆጣጠሪያ አወጣች። ሳይረኑን ማስጮኽ አትችልም። የከተማውን አጥሪ ለጥገና ማጥፋት ግን ትችላለች፤ ያለ ፈቃድ ካጠፋችው ሥራዋ እንደሚያበቃ ታውቃለች። ማጥፊያውን ተጫነችው።

መስኮቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ቡናማ ሆኑ። በክፍሎቹ ውስጥ ጨለማ የሚመስል ነገር ወደቀ። ጩኸቱ ቆመ። ሰዎቹ በሕይወታቸው ምንም የማያሳይ መስኮት አይተው አያውቁም፤ ከመስታወቱ ወደ ኋላ ሸሹ። አቤሴሎም በሩ ላይ እግሩ እንደተነሣ ቀረ። መነጽሩን አውልቆ አየው፣ መልሶ አደረገው፣ እንደገና አወለቀው። ከፊቱ መንገድ አልነበረም።

ሁለተኛው ናዳ የወረደው ወዲያው ነው። በሩ ላይ የነበሩት ድልድዩ ተሰብሮ ሲሄድ ሰሙ።

ሌሊቱን ሰው ክፍል ውስጥ ወለል ላይ አደረ። ዝናብ ጣለ። ትርሲት አልተኛችም። ናርዶስ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛ አደረች። አቤሴሎም ከጥግ ወደ ጥግ ሲመላለስ አደረ። ማንም አልወቀሰውም፤ ማንም አላናገረውም።

ሲነጋ ዝናቡ አቧራውን አጥቦት ነበር። ትርሲትና መምህር ኅሩይ በመዶሻ ሲሚንቶውን ሰብረው ቴሌስኮፑን አላቀቁት። ወደ ሸለቆው ዝቅ አደረጉት። ታች ሰፈር ነጭ ድንጋይ ሆኗል። ድልድይ የለም፤ ከክልሉ የተላኩት አዳኞች በዙሪያው መንገድ እየመጡ እንደሆነ በሬዲዮ ተሰምቷል። ሰው ሳይጠራው ተሰለፈ፤ የሚስቅ ግን የለም። አቤሴሎም ከትርሲት ቀጥሎ ቆመ።

ቱቦውን ጥቂት በጥቂት እያዞረች ድንጋዩን ፈተሸች። የተጨማደደ ቆርቆሮ። አልጋ። የተንሸራተተ አፈር ላይ የቆመ ግማሽ ግድግዳ። ከናዳው ወዲያ ማዶ፣ ጽኑ መሬቱ ዳር፣ የፒካፑን ሰማያዊ ቀለም አገኘች። ጎኑ ተጨፍልቋል። ቱቦውን ትንሽ አዞረች።

ጥላዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ተገልብጦ፣ እየተርገበገበ፣ ግን እሱ ነው። አንድ እጁን በሻሽ አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ራሱን ቀና አደረገ፤ በደህናው እጁ ፊቱን አበሰ። የሚያየው ሰው እንዳለ አያውቅም።

«አለ» አለች። ደገመችው። «አለ። ናርዶስ፣ አባትሽ አለ።»

ከኋላዋ ናርዶስ ክንዷን ያዘቻት። ትርሲት ግን ዓይኗን አላነሣችም። ጥላዬ አጠገብ መሬት ላይ የተኛ ሰው አለ። በጥላዬ ቡናማ ጃኬት ተሸፍኗል፤ ፊቱም ጭምር። ከጃኬቱ ሥር ቢጫ የላስቲክ ጫማ ያደረጉ ሁለት እግሮች ወጥተዋል።

«እናቴስ?» አለ አቤሴሎም። «እትዬ ትርሲት፣ እናቴ አብራው አለች? ምን ይታይዎታል?»

ሌንሱን ትንሽ ብታዞረው ሁሉም ነገር ይደበዝዝ ነበር። አቧራ ነው፣ አይታይም ልትለው ትችል ነበር። አፏን ከፈተች። ሰልፉ ሁሉ ይጠብቃል።

ከቴሌስኮፑ ዞር አለች።

«ና፤ እይ» አለችው። «ቀስ ብለህ። እጅህ ቱቦውን እንዳይነካው።»

አቤሴሎም ጎነበሰ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ ዓይኑ ብርሃኑን እስኪያገኘው ይፈልጋል። ከዚያ ትከሻው ድርቅ አለ። ትርሲት እጇን ጀርባው ላይ አደረገች። ሸሚዙ ከዝናቡ ገና እርጥብ ነበር። ከኋላ ያሉት ተራቸውን አልጠየቁም፤ ብዙ ቢቆይም የጠየቀ የለም።